ከአባቴ ጋር ለአንድ ቀን ኦክስፎርድ ልሄድ ነው፤ ምን እንይ?

ወለተ_ጎንደር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኦክስፎርድን የምታውቁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። አባቴ ከጎንደር መጥቶ ለሁለት ወር እኔ ጋ ለንደን ነው። ዕድሜው 76፣ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር። ገና ቦሌ ሳይሳፈር ጀምሮ የሚያነሣው አንድ ነገር ነው፦ «ኦክስፎርድን ሳላይ አልመለስም።» ቢግ ቤንን ባሳየው «ሰዓት ነው» ብሎ አለፈው። ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ «የፋሲል ይሻላል» አለ። ኦክስፎርድ ምን እንዳለው ስጠይቀው ደግሞ «እዚያ ስንደርስ» ብሎ ዝም።

ያለችኝ ዕረፍት ቅዳሜ ሳምንት ናት፤ አንድ ቀን ብቻ። ኤግዚቢሽን ይወዳል። ንግግርና ውይይት ካለ ቁጭ ብሎ መስማት ይወዳል፤ እንግሊዝኛው ደህና ነው፣ ሲፈጥኑ ነው የሚያመልጠው። ማታ ትያትር ብናገኝ ደግሞ ደስታውን አይችለውም። ጉልበቱን ያመዋል፣ የሰኔን ጾም ይጾማል። ምን ትሉኛላችሁ?


የአራዳ_ልጅ_ሬዲንግ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

እንኳን አባትሽ በሰላም ገቡልሽ። እኔ ኦክስፎርድ ውስጥ ሦስት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ስለ ሙዚየሙ ሌሎቹ ይንገሩሽ፣ ስለ መንገዱ ግን እኔን ስሚኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ «ዩኒቨርሲቲው የት ነው?» ብለሽ ሰው አትጠይቂ። ስድስት ኪሎ በሩ ላይ ቆመሽ «ይኸውና» እንደምትዪው አይደለም። ከ30 በላይ ኮሌጆች ከሱቁና ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተደባልቀው ከተማዋ ውስጥ ተበትነዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ግቢ፣ የራሱ ጸሎት ቤት፣ የራሱ በር ጠባቂ አለው። ታዋቂዎቹ ለመግባት ያስከፍላሉ። የዩኒቨርሲቲው ሙዚየሞች ግን መግቢያቸው ነጻ ነው፤ ገንዘብሽን ለማታው ትያትር ያዢው።

ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከቪክቶሪያ የሚነሣው ኦክስፎርድ ቲዩብ የሚሉት አውቶቡስ ይዘገያል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ትያትር አምሽታችሁ «ባቡር አመለጠን» ብላችሁ አትሳቀቁም። ስሙ ቲዩብ ስለሆነ ምድር ውስጥ ወርዳችሁ እንዳትፈልጉት ብቻ። የእኔ አክስት አርባ ደቂቃ ፈልጋዋለች።

መኪና ይዘሽ አትሂጂ። ይሄን እንደ ታክሲ ሹፌር ነው የምነግርሽ።


ሮማን_ብሪክስተን — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጉልበታቸውን ካመማቸው ከአሽሞሊያን ሙዚየም ጀምሩ። ከባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ አሳንሰርም አለው። የሚከፍተው 10 ሰዓት ላይ ነው፣ በፈረንጁ! አባትሽ በእኛ 10 መስሏቸው ቀኑን ሙሉ እንዳይተኙ።

ሙዚየሙ ለሕዝብ የተከፈተው በ1683 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው)። ያኔ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ገና ዙፋን ላይ መውጣታቸው ነበር፤ ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪያቸው ልካቸው ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ሕንፃ ብሮድ ስትሪት ላይ እስካሁን ቆሟል፤ ዛሬ የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም ነው። አንስታይን በ1931 ኦክስፎርድ ላይ ሲያስተምር በጠመኔ የጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ እንደተጻፈ እዚያ አለ። ከቀትር በኋላ ነው የሚከፍቱት። መምህር ስለሆኑ ነው ያልኩሽ።

አሽሞሊያን ውስጥ ሁሉንም ልይ ማለት ግን ራስን መቅጣት ነው። እኔ የምወደው ኡቼሎ የሚባለው ጣሊያናዊ የሣለው የአደን ሥዕል ነው፤ ፈረሱም ውሻውም ሰውም ወደ ጨለማው ጫካ መሐል ሲነጉድ። ልጆቼ ደግሞ የሚወዱት ጋይ ፎክስ በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ሊያጋይ ሲል ይዞት ነበር የሚባለውን ፋኖስ ነው።


ደብተራው_ሊድስ — ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡20

ጎንደሬ፣ የአማርኛ መምህር፣ «እዚያ ስንደርስ» የሚሉ አዛውንት... እህቴ፣ ምሥጢራቸው ሄኖክ ነው። አልጠራጠርም።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ቆየ። ሲመለስ ከያዛቸው መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩበት፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጠ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። እኛ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ቆጥረን የምናነበውን መጽሐፍ አውሮፓ በስምና በጥቂት ቁራጭ ብቻ ነበር የምታውቀው፤ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነውና። ሪቻርድ ሎረንስ የሚባል የኦክስፎርድ ሊቅ ከዚያ ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1821 አሳተመው። ብሩስ ለራሱ ያስቀራቸውን መጻሕፍት የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በ1843 ገዛ። በ1848 የወጣውን የብራናዎቹን ካታሎግ የሠራው ማን መሰለሽ? ያው የግዕዝ መዝገበ ቃላት የጻፈው ጀርመናዊው ዲልማን።

አሁን መራራውን ልንገርሽ። ብራናዎቹ ሁልጊዜ ለእይታ አይወጡም። በአካል ለማንበብ የአንባቢ ካርድ ቀድሞ ማውጣት ይጠይቃል፤ በአንድ ቅዳሜ የሚሆን አይደለም። ዌስተን የሚባለው የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ግን ነጻ ኤግዚቢሽን አለ፣ ንግግርም ይዘጋጃል። በ2015 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ማንም ዘው ብሎ የሚገባበት ቤት ሆኗል። የቅዳሜውን ፕሮግራም ድረ ገጻቸው ላይ እዪው።

ሌላም ልጨምር፦ ቤንት ዩል የንሰን የሚባሉ የኦክስፎርድ ሐኪም ነበሩ። የአክሱም ሳንቲምና የእኛን ብራና ሲሰበስቡ ኖረው ሳንቲሙ አሽሞሊያን፣ ብራናው ቦድሊያን ገብቷል።


ቋራ_ነኝ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጉድ እኮ ነው። ከመቅደላ ዘርፈው የወሰዱትን መጽሐፍ ለማየት ካርድ አውጡ ይሉናል፣ እኛም «ነጻ ኤግዚቢሽን» እያልን እናሞግሳለን። አባትሽን እዚያ ወስደሽ ደማቸውን አታፍይው።


ደብተራው_ሊድስ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ወንድሜ ቋራ፣ ቁጭትህ ቁጭቴ ነው፣ ግን ዶሴዎቹን አትቀላቅል። መቅደላ የተዘረፈው በ1868 ነው። ብሩስ የሞተው በ1794፣ መጻሕፍቱ ቦድሊያን የገቡት በ1843። ሃያ አምስት ዓመት ይቀድማል። ከመቅደላ የመጣውን በብዛት የምታገኘው ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፣ 350 ገደማ ብራና። እሱን ካነሣህ አብሬህ እጮኻለሁ። አፄ ዮሐንስ በ1872 ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ብለው ጽፈው አንድ ቅጂ እንደተመለሰላቸውም አትርሳ፤ ጥያቄው የትናንት አይደለም።

ብሩስ ክብረ ነገሥትን ራስ ሚካኤል ስሑል ሰጡኝ ብሎ ጽፏል። ጉልበተኛ ራስ ለእንግዳ የሚሰጠው መጽሐፍ ስጦታ ነው ወይስ ሌላ ነገር ካልክ ያ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብቻው ክር ክፈትና እንከራከር።


ቋራ_ነኝ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡48

እሺ ተቀብያለሁ። ግን የዓባይን ምንጭ የመጀመሪያው ያየሁ እኔ ነኝ ያለው ውሸቱን ነው። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል። የግሽ ሰው ደግሞ ከፍጥረቱ ጀምሮ ሲጠጣው ኖሯል።


ደብተራው_ሊድስ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡55

በዚህ ተስማምተናል። ሰውዬው ያን ሁሉ በረሃ አልፎ የሞተው የገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው።


አወያይ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ወገኖች፣ እህታችን የጠየቀችው የቅዳሜ ውሎ ነው። ዓባይን ለዓባይ ክር እንተውለት።


ትዝታ_ካውሊ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20

እኔ እዚሁ ነው የምኖረው፣ ካውሊ ሮድ ላይ። ወለተ፣ ፒት ሪቨርስ የሚባለውን ሙዚየም እንዳትዘሉት። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን አልፈሽ ነው ከጀርባው የምትገቢው፤ ስታልፊ ዘሩ ከጠፋው ከዶዶ ወፍ የተረፈውን ታያለሽ። የዳርዊንን ሐሳብ በተመለከተ ጳጳሱ ዊልበርፎርስና ሳይንቲስቱ ሃክስሊ በ1860 የተፋጠጡትም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ፒት ሪቨርስ ዕቃ የሚደረድረው በአገር አይደለም፣ በዓይነት ነው። የዓለም ዋሽንት ሁሉ አንድ ላይ፣ የዓለም መቆለፊያ ሁሉ አንድ ላይ። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ባትሪ ለምነሽ መያዝ ትችያለሽ። ከመስታወቱ ሥር ያሉት መሳቢያዎች የሚከፈቱ ናቸው፤ ብዙ ሰው አያውቅም፣ ክፈቷቸው። ድሮ ሰው የሚያስፈራሩት የደረቁ የሰው ራሶች ከ2020 ጀምሮ ተነሥተዋል፣ ደግ አደረጉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶዎቹን የሰጠውም ለዚሁ ሙዚየም ነው፤ 38 ሺህ ገደማ ኔጋቲቭ። ሰውዬው በ1910 አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደ ነው። ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ለጃንሆይ ንግሥ ተጋብዞ የሄደ፣ በኋላም ጎጃም ላይ ከአርበኞቻችን ጋር ጣሊያንን የተዋጋ። ፎቶዎቹ ድረ ገጹ ላይ ስላሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ፤ ለጉልበትም ይሻላል።

ስለ ጾሙ ምንም አታስቢ። «ቪጋን» የሚል ካየሽ ጾም ነው በያቸው። ከተማው መሐል ያለው የተሸፈነው ገበያ (ከ1774 ጀምሮ ያለ ነው) ውስጥ የሚበላ አታጡም።


ሳሚ_መጋረጃ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ትያትር ሲባል ሰማሁና መጣሁ።

ሦስት መንገድ አለሽ። ኦክስፎርድ ፕሌይሃውስ ከአሽሞሊያን ፊት ለፊት ነው፤ ከ1938 ጀምሮ እዚያ አለ፣ ሙያተኞችም ተማሪዎችም ይጫወቱበታል፣ ወንበሩ ይመቻል። ከጎኑ በርተን ቴይለር ስቱዲዮ የምትባል ሃምሳ ሰው ገደማ የምትይዝ ክፍል አለች። የፊልም ተዋናዮቹ ሪቻርድ በርተንና ኤልዛቤት ቴይለር በ1966 ከተማሪዎቹ ጋር በነጻ ተውነው ነው ስማቸው የተረፈው። ተዋናዩ ሲያስነጥስ ፊትሽ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እንደሱ ዓይነት ትያትር የምትወጂ ከሆነ ግቢ።

ሦስተኛው የሰኔ ነገር ነው። የተማሪዎቹ የመጨረሻ ተርም ላይ ኮሌጆቹ ግቢያቸው ሣር ላይ ትያትር ያሳያሉ። መጋረጃ የለ፣ ጣራ የለ። አባትሽ ያን ቢያዩ... ግን ብርድ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ወንበሩ የሚታጠፍ ነው። ጋቢ ያዢ። እኔ ባለፈው ዓመት በሸሚዝ ሄጄ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ።


ወለተ_ጎንደር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ደብተራው፣ ሄኖክን አንሥቼበት ነበር። «ሄኖክማ ቤቴ አለ» አለኝ። ስለዚህ ምሥጢሩ እሱ አይደለም።

ሳሚ፣ ያልከውን ፈልጌ አገኘሁ። በዚያው ቅዳሜ ተማሪዎች አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሐምሌትን ያሳያሉ፣ 7፡30 ላይ። ለአባዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ ስለው «ቁረጪ» አለ። ዋጋውን እንኳ አልጠየቀም፤ ቲማቲም ስንገዛ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው።


ወለተ_ጎንደር — እሑድ (ከአሥር ቀን በኋላ)፣ ከቀኑ 9፡30

ሄደን መጣን። ቃል ስለገባሁ ልጻፍላችሁ፤ ረዘም ይላል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቪክቶሪያ ነበርን። አባዬ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ላዩ ላይ ነጠላ፣ እጁ ላይ የድሮ የቆዳ ቦርሳው። ልያዝልህ ብለው እምቢ አለ። መድኃኒቱ መስሎኝ ተውኩት።

አሽሞሊያን ውስጥ ፕሮግራም አውጥቼ ነበር፣ የትኛውም አልሠራም። የጋይ ፎክስ ፋኖስ ጋ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። «ይቺን ነው በመስታወት የዘጉባት? እኛ ቤት በዚህ አይደል የተማርነው።» ሰውየው ፓርላማ ሊያቃጥል እንደነበር ስነግረው ጠጋ ብሎ እንደገና አያት። የሮማንን የአደን ሥዕል ወደደው፤ ግን የተናገረው ስለ ውሾቹ ብቻ ነው፣ «ሲሮጡ ጆሯቸውን አየሽው?»

ከዚያ ገበያው ሄደን በላን። ትዝታ፣ ያልሽውን ነገርኩት። «ቪጋን ማለት ጾመኛ ነው?» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጾሙት ብለው ምግቡን የምታቀርበውን ጉትቻዋ አፍንጫዋ ላይ ያለ ልጅ በአድናቆት አያትና ተነሥቶ እጅ ነሣት። ልጅቱም እጅ ነሣችው። ለምን እንደሆነ አልገባትም።

አንስታይን ሰሌዳ ጋ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቆየነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያነሣው ዋለ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ስጽፍ ኖርኩ፤ ስወጣ ሁሌ አጥፍቼ ነው የምወጣው። ለሚቀጥለው መምህር ቆሻሻ ሰሌዳ መተው ነውር ነው። የዚህ ሰውዬ ግን አላጠፋም፣ ተሰቀለለት።»

ዌስተን ላይ ስለ ብራና የሚናገሩ ሴት ነበሩ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። እዚያ የሆነውን ደብተራው ካልጠየቀኝ አላወራም፣ ረጅም ነው።

ፒት ሪቨርስ ስንደርስ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር፤ ስህተቴ ነው፣ መጀመሪያ እዚያ መሄድ ነበረብን። ባትሪዋን ይዞ እንደ ሌባ እየተሹለከለከ ለትራስ የሚሆኑት ብርኩማዎች ጋ ደረሰ። የአፍሪካው፣ የሩቅ ምሥራቁ፣ ሁሉም አንድ መስታወት ውስጥ። «እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንገታቸውን ያማቸዋል ማለት ነው» አለ። መሳቢያ በመክፈት ግን ሱስ ያዘው፤ ጠባቂው መጥቶ ሰዓት ደርሷል እስኪለው ድረስ ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር።

ወጥተን ወደ ትያትሩ ልንሄድ ስንል ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ዋልተን ስትሪት፣ ከነፖስታ ቁጥሩ። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካለው አድራሻ በእጁ ገልብጦ ያመጣው ነው፤ ያ አሮጌው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት፣ የምታውቁት። ታክሲ ያዝን። ቅዳሜ ማታ ስለሆነ የመዝገበ ቃላቱ አሳታሚ ድርጅት በር ዝግ ነው፣ በመንገዱ ላይም ከእኛ በቀር ሰው የለም። አባዬ ቦርሳውን ከፈተና በካኪ ወረቀት የተለበጠ መጽሐፍ አወጣ።

ሐምሌት ነው፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም። በእኛ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሲታተም አሳታሚው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነበር። አባዬ ያኔ አዲስ መምህር ነበር፤ በመጀመሪያ ደመወዙ ገዝቶ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ እያነበበ ያስተምርበት እንደነበር እናቴ ነግራኝ ታውቃለች። ኦክስፎርድ የሚለውን ስም መጀመሪያ ያነበበው እዚያ ሽፋን ላይ ነው። የለበጠው ወረቀት ሲቀደድ ሌላ እየለበጠ፣ እዚህ ድረስ።

ካኪውን ፈታው። ሽፋኑን ከበሩ ላይ ካለው ስም ጋር አስተያየ። «አንሺኝ» አለ። አነሣሁት። ስልኬ ላይ ያየሁት ፎቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ድጋሚ ልበል ብለው «በቃ፣ ትያትሩ እንዳያመልጠን» ብሎ ሄደ።

ትያትሩ... ሳሚ፣ ትክክል ነበርክ፣ በርዶናል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ዝናብ ጣለ። ትኬቱ ላይ በዝናብ ምክንያት ገንዘብ አይመለስም የሚል አለ፤ ልጆቹም አላቆሙም፣ ሣሩ ላይ እየተንሸራተቱ ቀጠሉ። አባዬ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ መጽሐፉን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ነበር። እንግሊዝኛቸው ቢፈጥንበትም እሱ አማርኛው ላይ ስለነበር ቀድሟቸው ይደርሳል። መቃብር ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ሌላው ሰው ገና ሳይስቅ ሳቀ፤ ከፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችው። ዝናቡ ሲበረታ መጽሐፉን ኮቱ ውስጥ ከተተና ነጠላውን ተከናነበ። እንሂድ ብለው «ገና አልሞቱም» አለኝ።

ቤት ስንደርስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር። ዛሬ ጉልበቱ አብጧል፣ በቅባት እያሸሁት ነው።


ሮማን_ብሪክስተን — እሑድ፣ ከቀኑ 10፡12

«ገና አልሞቱም» 😂 እኔ ቢሮ ውስጥ ሆኜ እንባዬ እየወረደ ነው። የሳቅ ይሁን የሌላ አላውቅም።


ሐቀኛው — እሑድ፣ ከቀኑ 10፡40

ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን አንድ ነገር መታረም አለበት። መጽሐፉ ዋልተን ስትሪት ላይ አልታተመም። ፕሬሱ በየአገሩ ቅርንጫፍ ነበረው፣ የአማርኛ መጻሕፍቱን ያወጣው አዲስ አበባ የነበረው ነው። የአባትሽን መጽሐፍ ያዘጋጁት እጆች አዲስ አበባ ቢፈለጉ ይሻል ነበር።


ወለተ_ጎንደር — እሑድ፣ ከቀኑ 11፡03

ጋሼ ሐቀኛው፣ ለአባዬ አነበብኩለት። «ይኼ ሰው መምህር ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ትክክል ነው በይው። ገጹ ላይ አዲስ አበባ ይላል፣ እኔ አላነበብኩትም መሰለው? አዲስ አበባ ያለው ቢሮ የለም፤ ስሙ ያለው እዚህ ነው።»


ሐቀኛው — እሑድ፣ ከቀኑ 11፡10

መምህር አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰላምታዬን አድርሺልኝ።


ደብተራው_ሊድስ — እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡45

በሄኖክ መሸነፌን አምኛለሁ። አሁን የብራናውን ንገሪን፣ ያው ጠየቅኩሽ።


ወለተ_ጎንደር — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እሺ። አባዬ ልጅ ሆኖ ጎጃም ቅኔ ሊማር ሄዶ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ እዚያ ለመሪጌታው ብራና ይፍቅ ነበር። ሴትዮዋ ስለ ጥጃና ስለ በግ ቆዳ፣ እንዴት በእንጨት ወጥረው እንደሚፍቁት በሥዕል እያሳዩ ሲናገሩ አባዬ ክንዴን እየጎሸመ «እኛ የፍየል ነው፣ ንገሪያት» ይላል። ጥያቄ አለ ወይ ሲባል እጁን አወጣ። በእንግሊዝኛ ጀመረና መሐል ላይ በአማርኛ ጨረሰው፣ እኔ አስተረጎምኩ። ጥያቄው «ሲፋቅ የተበሳውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ነው።

ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። አንድ ሥዕል ፈልገው አወጡ፦ ገጹ መሐል ላይ እንቁላል የሚያህል ቀዳዳ አለ፣ ጸሐፊው ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህ ጀምሮ ወዲያ ጨርሶታል። ሌላም አሳዩ፣ እርጥብ ሳለ በክር የተሰፋ። አባዬ ተነሥቶ ስክሪኑ ድረስ ሄደ። በጣቱ ስፌቱን እየቆጠረ «እኛም በጅማት እንሰፋዋለን፣ ካልሆነ ዘለን እንጽፋለን» አለ። ከዚያ ሁለቱ ያለ እኔ አስተርጓሚነት በእጅ ምልክት ተግባቡ፤ እኔም ሄጄ ውኃ ጠጣሁ።

የቅሬታው ነገር ደግሞ «ይህን ያህል ሰው ሰብስበው ቡና አላፈሉም» የሚል ነው።


የሺ_ሉተን — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ወለተዬ፣ እናቴን የፊታችን ቅዳሜ ልወስዳት ነው፣ እሷም ጾመኛ ናት። ያ ቪጋን ምግብ የበላችሁበት ቤት ገበያው ውስጥ በየትኛው በኩል ነው? ደግሞ ሳሩ ላይ ያለው ትያትር ላይ ወንበር ይዞ መግባት ይቻላል?


ወለተ_ጎንደር — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

በሃይ ስትሪት በኩል ገብተሽ ወደ ውስጥ ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ጉትቻ ያላትን ልጅ ካየሽ እሱ ነው። የትያትሩን ወንበር ግን ትኬት የሸጡሽን ጠይቂ፤ ኮሌጁ ከኮሌጅ ይለያያል። ፒት ሪቨርስን ጠዋት ላይ አድርጉት። ፕላስቲክም ያዢ፣ ለወንበሩ አይደለም፣ ለጫማ።